የፏፏቴው አፍ የት ነበር

ከቢቸና

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ጧት፣ ከቢቸና መናኸሪያ ወደ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለመነሣት ያሰብኩት ከሳምንት በፊት ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቷል፣ በማግስቱ ተዘግቷል ሲባል ሰነበተ። ዘመድ ለመጠየቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሌላ ጊዜ አቆየው ነበር። የሄድኩት ግን ለምስክርነት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ይሁኔ ከሞጣ ወዲያ፣ የዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ባለችው የአባታችን መንደር ያርሳል። መሬቱ በአንድ በኩል እንየው ከሚባል ጎረቤቱ መሬት ጋር ይዋሰናል። ወሰኑን የተከሉት በአባቶቻችን ዘመን የነበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ከመንደሩ ወንዝ ፏፏቴ አፍ ይነሣና በቀጥታ እስከ አንድ የወይራ ዛፍ ይደርሳል። ከመስመሩ በላይ ያለው ለእንየው አባት፣ ከመስመሩ በታች ወደ ገደሉ ያለው ለእኛ አባት ሆነ። መሬት በተሸነሸነ ጊዜም ይህ ወሰን ሳይነካ ታልፏል። አሁን ግን ሁለቱ ልጆች ተጣሉበት። የመሬት ልኬታ ባለሙያዎች ከመኸር በኋላ ይመጣሉ ተብሏል፤ ክርክር ያለበትን ወሰን ደግሞ አይለኩም። ስለዚህ ነገሩ ከዚያ በፊት ማለቅ ነበረበት።

ወሰኑ ሲተከል ከነበሩት ሰዎች መካከል በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ገደማ ነበር። አባቴ ይዞኝ የሄደው ሆን ብሎ ነው። በእኛ መንደር ወሰን ሲተከል አንድ ልጅ ይወሰድና ቦታው ላይ ይቀመጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ የሚናገር ሰው እንዲኖር ታስቦ ነው። እኔን ከፏፏቴው አፍ ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። እንዳልፈራ ቆሎ ሰጡኝ፤ አባቴም መቀነቴን ከኋላ ይዞኝ ነበር። ሁለቱም ተከራካሪዎች «እሷ ትምጣና ትናገር» ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በመናኸሪያው ረዳቱ ከፊት አስቀመጠኝ። «ጋቢና ለእናት ነው» አለ።

«ለእናት ነው ትላለህ» አለው ከኋላ አንድ ሰው፣ «ባለፈው ሳምንት ለፍየል አልሰጠኸውም?»

«ፍየሏ እኮ ሒሳቧን ከፍላለች! አንተ ገና አልከፈልክም።»

ሰዎቹ ሳቁ። መኪናው ሞላ፤ ከሞላም በኋላ ሦስት ሰው ጨምረን ተነሣን።

በግራ ጮቄ፣ በቀኝ ዓባይ

ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ የሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን ነው። በግራ በኩል ርቆ የጮቄ ተራራ ጀርባ ይታያል። በቀኝ በኩል ሜዳው ቀስ እያለ ያዘቀዝቅና ድንገት ይቋረጣል። የተቋረጠበት ቦታ ወደ ዓባይ የሚወርደው ገደል ነው። ጤፉ መልኩን መለወጥ ጀምሯል። ስንዴው ግን ገና አረንጓዴ ነበር። በየጥቂቱ አንድ ወንዝ ይገኛል። ሁሉም ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ መንገዱም እያንዳንዱን ለመሻገር ይወርድና ይወጣል።

እዚህ ላይ ስለዚህ ምድር የማውቀውን ትንሽ ልጻፍ፤ አለዚያ በኋላ የሚመጣው ጠብ አይገባም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ተምሬአለሁ። ከዚያ በላይ ግን ያወቅሁት ከባለቤቴ ነው። በሕይወት ሳለ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ይነዳ ነበር፤ አብሬው ስጓዝ የተቆረጠ ዳገት ባየ ቁጥር ያሳየኝ ነበር።

ይህ ደጋ ሁልጊዜ ደጋ አልነበረም። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ምድር እየተሰነጠቀች ከውስጧ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ። አንዱ ሲረጋ ሌላው በላዩ እየተነጠፈ ብዙ ድርብ ሆነ። በሁለት ፍሳሾች መካከል ረጅም ዕረፍት ሲኖር የታችኛው ፊቱ አፈር ይሆናል፤ ቀጣዩ ትኩስ ፍሳሽ ሲመጣበት ያን አፈር ጠብሶ ያቀላዋል። ለመንገድ በተቆረጠ ዳገት ላይ በጥቁር ድንጋይ መካከል ቀይ መስመር የሚታየው ይህ ነው። ጮቄ ራሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ በዚሁ ንጣፍ ላይ የተከመረ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥር ያለው ኃይል ደግሞ አገሩን በሙሉ ወደ ላይ አነሣው። ምድሩ ከፍ ሲል ወንዞቹ ቁልቁለት አገኙ፤ ቁልቁለት ያገኘ ውሃ ይቆርጣል። ዓባይ ብዙ ውሃ ስላለው ፈጥኖ ቆረጠና ወደ ታች ወረደ። ትንንሾቹ ወንዞች ሊከተሉት አልቻሉም። አፋፍ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ፏፏቴ የሚሆኑት ያኔ ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ የሚናገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ድንጋዩ አይደለም የሚያስቸግረን፣ ቀዩ ነው» ይለኝ ነበር። መንገዱ የሚንሸራተተው ሁልጊዜ ከቀዩ መስመር ላይ ነበርና።

ደብረ ወርቅና ጉንደወይን

ደብረ ወርቅ ላይ ለሻይ ወረድን። አንድ ብርጭቆ ሃያ ብር ነው። የቆሎ ተማሪዎች ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ቆመው የሰሞኑን ቅኔ ይከራከራሉ፤ አንዱ ሲያሸንፍ ሌሎቹ ያወጡለትን ስም አልሰማሁም፤ ግን ልጁ ራሱም ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ከአጠገቤ አንዲት የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ተቀመጠች። ሁለት ጆንያ ከላይ ጭናለች፤ ሦስተኛውን ከእግሯ ሥር አድርጋለች። ጥቁር ነጠላ መልበሴን አይታ ነው መሰለኝ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ለልቅሶ ነው?»

«አይደለም። ለወሰን ክርክር ነው።»

«ይኸማ ከልቅሶ ይብሳል። ልቅሶ በአርባው ያልቃል።» ጆንያዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ ደግሞ «ለማን ነው የሚመሰክሩ?» አለች።

«ለጠየቀኝ።»

«ወንድም አለዎት?»

«ክርክሩ የእሱ ነው።»

«እህ!» አለችና ከዚያ በኋላ ስለ ሽንኩርቷ ብቻ አወራችኝ።

ጉንደወይን ላይ ምሳ በላን። ሽሮው ትኩስ ነበር፤ እንጀራው ግን የትናንት ነው። ከምግብ ቤቱ ጓሮ አንድ ወንዝ ያልፋል። ዳርቻው ላይ ድንጋዩ ባለ ስድስት ጎን ምሰሶ ሆኖ ተሰካክቶ ይታያል፤ የቀለጠ ድንጋይ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ እንዲህ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ድጋፍ ሲያጣ እንደ ተደረደረ ግንድ አንድ አንዱ ይወድቃል። አይቼው ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ሞጣ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ከሞጣ በባጃጅ እስከ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሄድኩ። ባጃጁ ከዚያ በላይ አይሄድም። ይሁኔ በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። ሦስት ጊዜ ጉንጬን ሳመኝ፤ ሻንጣዬን ተቀበለኝና ስለ መንገዱ ጠየቀኝ። ስለ ክርክሩ በመንገድ ላይ አንድም ነገር አላነሣም።

አፋፍ ላይ

የወንድሜ ቤት ከገደሉ አፋፍ አጠገብ ነው። አባታችን ሲሠራው በቤቱና በገደሉ መካከል የበሬ ጋጣ፣ የጎመን መደብና የጌሾ አጥር ነበር። ጌሾው ከብዙ ዓመት በፊት ከገደሉ ጋር ተንዶ ሄዷል። የጎመኑ መደብም ቀጥሎ ሄደ። ባለፈው ክረምት፣ በሬዎቹ መስክ ላይ ሳሉ፣ የጋጣው ግማሽ ሄደ። አሁን ጓሮው ውስጥ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። የወንድሜ ሚስት የኔነሽ ልጆቹ እንዳይሻገሩት በላዩ እሾህ ከምራበታለች።

ከጓሮው ቆሞ ማየት ለሚችል ሰው አገሩ ሰፊ ነው። ታች በጣም ርቆ ዓባይ እንደ ቡናማ ክር ይታያል። ወዲያ ማዶ ጎንደር ነው። ማዶ ያለው ገደልና እኛ የቆምንበት ገደል አንድ ዓይነት ናቸው፤ እዚህ ጥቁሩ ባለበት ከፍታ እዚያም ጥቁር አለ፤ ከሥሩ ነጣ ያለው ድንጋይ እዚህም እዚያም በእኩል ይጀምራል። በአንድ ወቅት ሁሉም አንድ ሜዳ ነበር ማለት ነው። መካከሉን ወስዶ የሄደው ውሃ ነው።

ቤቱ አጠገብ የተላጠ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተደርድሮ ነበር። ይሁኔ አዲስ ቤት ሊሠራ ነው። የሚሠራውም በተከራከሩበት ቁራጭ መሬት ላይ ነው። ሌላ ደረቅ ቦታ የለውም፤ የቀረው ማሳ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ነው። የጠቡ ምክንያት ይኸው ነው። ፏፏቴው ከልጅነቴ ወዲህ ወደ ኋላ፣ ወደ እንየው በኩል ሸሽቷል። ይሁኔ «ወሰኑ የፏፏቴው አፍ ነው፤ አፉ አሁን ያለበት ነው ወሰኔ» ይላል። እንየው ደግሞ «ወሰኑ ያን ጊዜ የተተከለበት ነው» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ቤትና ግቢ ያስቆማል።

እራት ከበላን በኋላ ይሁኔ በራሱ ጀመረ።

«እታለም፣ ነገ ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

«ያየሁትን።»

«ያየሽውማ የፏፏቴውን አፍ ነው። ሁሉም ሰው እስከ ዛሬ ‹ከፏፏቴው አፍ› ነው የሚል። አንቺም ይህንኑ በይ። ሐሰት የለበትም።»

«ሐሰት የለበትም» አልኩ።

«ገደሉ የበላው የእኔን እንጂ የእንየውን አይደለም። ታች እየተበላሁ ላይ ደግሞ ወሰኑ ቆሞ ይጠብቀኝ? ይህ ፍርድ ነው?»

ያለው ነገር እውነት ነበር። ፏፏቴ ወደ ኋላ ሲሄድ ከበስተኋላው የሚተወው ሸለቆ ጎንና ጎኑ እየተናደ ይሰፋል። የሚሰፋው ደግሞ በእኛ መሬት ውስጥ ነው። የኔነሽ የልጆቹን ብርድ ልብስ እያነጠፈች ወደ ስንጥቁ በኩል ያለውን ግድግዳ ትታ ሁሉንም በወዲህኛው በኩል አስተኛቻቸው።

ሙቀጫው ድንጋይ

እሑድ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ከቅዳሴ በኋላ ነው። እኔ አስቀድሜ ፏፏቴውን ማየት ስለ ፈለግሁ ሲነጋ የኔነሽን ይዤ ሄድኩ።

ውሃው ገና ብዙ ነበር። ከአፉ ላይ ሆኖ ሲታይ ጠርዙ ከታች ተቦርቡሮ ወደ ፊት ወጥቷል። የመንደሩ ፏፏቴም የተሠራው እንደ ሌላው ነው፤ ከላይ ጥቁሩ ምሰሶ ድንጋይ፣ ከሥሩ ቀዩ። የሚወርደው ውሃ ከታች መትቶ ይረጫል፤ ርጭቱ ቀዩን ሁልጊዜ እርጥብ ያደርገዋል፤ ቀዩ እየተፈረፈረ ይታጠባል። ጥቁሩ ባዶ ላይ ይቀራል። አንድ ክረምት ላይ አንድ ረድፍ ምሰሶ ይወድቃል። ከዚያ ለብዙ ዓመት ምንም የሆነ አይመስልም፤ ነገር ግን ከሥር ሥራው አይቋረጥም። ይህ ገደል በሙሉ የተሠራው እንዲህ ነው።

የተቀመጥኩበትን ድንጋይ ፈለግሁ። ያ ድንጋይ መካከሉ እንደ ሙቀጫ የጎደጎደ ነበር። ወንዙ ሲሞላ ጠጠር እዚያ ውስጥ ገብቶ እየዞረ የፈለፈለው ነው። ቆሎዬ ተደፍቶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ስለነበር አልቅሻለሁ፤ ስለዚህ አልረሳውም። ጠርዙን ሁሉ ተመለከትኩ። እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም።

«ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ የኔነሽ።

«ጉድጓድ ያለው ድንጋይ።»

«ሙቀጫውን? እሱማ ታች ነው» አለችና በእጇ አሳየችኝ።

ውሃው ወርዶ ከሚጠራቀምበት ባሕር ዳር፣ ከወደቁት ድንጋዮች ሁሉ በላይ፣ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ጉድጓዱ ወደ እኛ ዞሯል። ልጆች ሲዋኙ ልብሳቸውን እዚያ ውስጥ እንደሚያስቀምጡ ነገረችኝ። ሲወድቅ ወደ ፊት ብዙ አልተንከባለለም፤ ባለበት ነው የወረደው። ከእሱ እስከ አሁኑ አፍ ያለው ርቀት፣ ይሁኔ ቤት ሊሠራበት ያሰበው ስፋት ነው።

የኔነሽ ድንጋዩን አላየችም፤ የእኔን ፊት ነበር የምታየው። «እትዬ፣ አዩት» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ከወይራው ሥር

ሽማግሌዎቹ አምስት ነበሩ። የሚመሯቸው መሪጌታ ስማቸው የመንደሩ የቅኔ መምህር ናቸው። የተቀመጥነው ወሰኑ ከሚያልቅበት ከወይራው ሥር ነው። እንየው ከእኔ በዕድሜ በጣም ያንሳል፤ ሰፊ ትከሻ ያለውና ፈጣን ተናጋሪ ነው። አስቀድሞ መጥቶ ጉልበቴን ስሞኛል፤ «ለእኔም አክስት ነዎት» ብሎኛል።

መሪጌታ ሁለቱንም የሚሉትን አስደገሟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የሚያውቁትን ይንገሩን። ከእርስዎ በፊት የሚናገር የለንም።»

ይሁኔ ቀደማቸው። «መሪጌታ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠየቁልኝ። ወሰኑ ፏፏቴው አፍ ነው ወይስ አይደለም?»

«ያን ጊዜ የፏፏቴው አፍና የተቀመጥኩበት ድንጋይ አንድ ነበሩ» አልኩ። «ሰው በኋላ ‹ከፏፏቴው አፍ› እያለ ለመደ፤ ለመጥራት ይቀላልና። በዕለቱ ሽማግሌዎቹ ያሉት ግን ‹ይህች ልጅ ከተቀመጠችበት ድንጋይ› ነው። ድንጋዩ መካከሉ የጎደጎደ ነው። አሁን ታች ባሕሩ ዳር ወድቋል። ዛሬ ጧት አይቼዋለሁ።»

እንየው እጁን በእጁ መታ። «አልኳችሁ! ወሰን እንዴት በእግሩ ይሄዳል?»

«ያንተ አይሄድማ!» አለ ይሁኔ። «የሚሄደው የእኔ ነው። በየክረምቱ እየሄደ ጋጣዬ ደርሷል። ክረምት ሲገባ ና ከእኔ ቤት እደር፤ ሲሄድ ትሰማዋለህ።»

«ገደሉን እኔ ነኝ የቆፈርኩት?»

«ዝም በሉ» አሉ መሪጌታ።

ተነሥተን ወደ አፋፉ ሄድን። ሁሉም ወደ ታች አዩ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «እሺ፣ ድንጋዩስ ተገኘ» አሉ። «ግን ወሰኑን የት ልንተክል ነው? እዚያ ታች ዓሣ ይጠብቀው?»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ይሁኔ አልሳቀም።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። የድሮው ወሰን መነሻ አሁን አየር ላይ ነው። በመጨረሻ የተስማሙት መስመሩን ከሌላው ጫፍ እንዲይዙት ነው። አንድ ሰው በወይራው ሥር ቆመ፤ ሌላው አፋፍ ላይ ረጅም ዘንግ ይዞ፣ ወደ ኋላ ወይራውን፣ ወደ ታች ሙቀጫውን ድንጋይ እያየ፣ ዘንጉ ከሁለቱ ጋር ትክክል እስኪሆን ወዲህ ወዲያ አለ። ትክክል ሲሆን በዘንጉ ቦታ ድንጋይ ተከሉ። የተከራከሩበት ቁራጭ መሬት የእንየው ሆነ።

ይሁኔ ከእኛ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። የተላጠውን ምሰሶ ያየው ሰው ሁሉ ምን እንዳጣ ያውቃል። መሪጌታ ወሰኑን ከተከሉ በኋላ አልተነሡም። «ወሰኑ አለቀ» አሉ። «የሚያድርበት ቦታ ግን አላለቀም። እንየው፣ ለቤት የሚሆነውን ያህል ለጎረቤትህ በለውጥ ትሰጣለህ?»

«በምን ለውጥ?» አለ እንየው። «ምን አለው? ገደል ነው የሚለውጠኝ?»

ይሁኔ ሊለምን እንደማይችል አውቃለሁ፤ በልጅነቱም ቢሆን ሲርበው አይናገርም ነበር። ራቅ ብለው ከተቀመጡት ሴቶች በኩል የመለሰችው የኔነሽ ናት።

«ውሃ አለን» አለች። «ከፏፏቴው በላይ ከሚወጣው ቦይ ማክሰኞና ዓርብ ተራው የእኛ ነው። የማክሰኞውን ይውሰድ።»

ይሁኔ ዞሮ አያት። «አንቺ ሴት፣ ማን ጠየቀሽ?»

«ልጆቼ።»

በመንደሩ የመስኖ ተራ ከአባት የሚወረስ ነው፤ ማንም በቀላሉ አይለቀውም። በሌላ በኩል ደግሞ የእንየው ድንች ባለፈው በጋ ውሃ አጥቶ እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። እንየው ጺሙን እያሻሸ አሰበ።

«ማክሰኞ እኮ እኔ ገበያ ነኝ» አለ። «ማን ያጠጣልኛል?»

«ሚስትህ!» አሉ ምርኩዝ የያዙት ሽማግሌ። «ዱሮስ የምታጠጣው ማን ሆነና?»

ከሴቶቹ ሳቁን የጀመረችው የእንየው ሚስት ናት። እንየውም ሳቀ። ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት አስቸገረው። ለቤትና ለግቢ የሚሆን ቦታ፣ ከአፋፉ የራቀው በኩል፣ በማክሰኞ ውሃ ተለወጠ። መሪጌታ ይሁኔን ትስማማለህ ብለው ጠየቁት። «እሺ» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ቃሉን ሁሉም ሰምቷል፤ ለሽማግሌዎቹም በቂ ነበር።

መመለሻ

ሰኞ ጧት ይሁኔ በቅሎውን ጫነልኝና እስከ ትምህርት ቤቱ አደረሰኝ። ከፊት ከፊት ሄደ። ባጃጁ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤ አላናገረኝም፤ እኔም አላናገርኩትም። ሻንጣዬን አስገባልኝ፤ «በሰላም ግቢ» አለኝ። ይህን ለማንም ቢሆን ይለዋል።

ከሞጣ እስከ ጉንደወይን የተቀመጥኩት ከኋላ ነው፤ ጋቢናው ተይዞ ነበር። ከጉንደወይን በኋላ መንገዱ ላይ ለመንገድ ጥገና ቆምን። ዳገቱ ተንሸራትቶ ግማሽ አስፋልቱን ወስዷል። ሠራተኞቹ አፈሩን እየዛቁ ወደ ገደሉ ይጥሉታል። የተንሸራተተው ከቀዩ መስመር ላይ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ወረዱና እየዞሩ ፎቶ አነሡ። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም።

ቢቸና ስደርስ ገበያው ሊበተን ነበር። አህዮቹ ተጭነው ይመለሳሉ፤ ባጃጆቹ በመካከላቸው ያንባርቃሉ። ቤቴ ገብቼ መስኮት ከፈትኩ፤ የሁለት ቀን አቧራ ጠረግሁ። ጎረቤቴ ስለ ጉዞው ጠየቀችኝ፤ ክርክሩ አልቋል አልኳት።

ፏፏቴውን በልጅነቴ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ቦታ የተተከለ አድርጌ ነበር የማስበው። ሽማግሌዎቹም እንዲሁ አስበው ነው ወሰን ያደረጉት፤ በዚያን ጊዜ በዓይን የሚታይ ከእሱ የጸና ነገር አልነበረም። አንድ ሰው በዕድሜው ፏፏቴ ሲሄድ ላያይ ይችላል። እኔ ያየሁት ከአርባ ዓመት በላይ ርቄ ስለቆየሁ ይመስለኛል። በየቀኑ ውሃ ሲቀዱበት የኖሩት ሰዎች ድንጋዩ ወደቀ ይላሉ እንጂ ወሰኑ ሄደ ብለው አላሰቡም። ስመሰክር ወንድሜን ቤት እንደማሳጣው አውቅ ነበር፤ ሌላ የምለው ነገር ግን አልነበረኝም።

ኅዳር እንደ ገባ የኔነሽ ደወለች። ምሰሶው ቆሟል፤ ጣሪያው የሚመታው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እንየው ራሱ መጥቶ ማዕዘኑን አብሮ ቆፍሯል አለች።

«ከአፋፉ ራቃችሁ?» አልኳት።

«ራቅን። ይሁኔ ‹ለእኛም ለልጆቻችንም ይበቃል› ይላል።»

«ለልጅ ልጆቻችሁስ?»

ስልኩን ተቀብሏት ነው መሰለኝ የይሁኔ ድምፅ መጣ። ከወይራው ሥር ከተነሣ ጀምሮ ከስንብት በቀር ከእሱ የሰማሁት ቃል አልነበረም።

«እነሱ ደግሞ ከእንየው የልጅ ልጆች ጋር ይካሰሱ» አለ። «ያን ጊዜ የሚመሰክርላቸው ሰው እንዲኖር ትንሿን ልጄን ነገ ወስጄ ከአዲሱ ወሰን ላይ አስቀምጣታለሁ። ቆሎም ቆልተንላታል።»